እርሳሱን የያዘው እጅ የማን ነው? «ኮራጁን አትውቀሱት» ለሚል ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዬ ጽሑፍ ላከልኝ። «አንብበውና የሚመስልህን ንገረኝ» አለኝ። ስለ ፈተና ኩረጃ የተጻፈ ነው። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው ቅን ሰው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። የድሃ ልጅ ነገር ያንገበግባቸዋል። እኔንም ያንገበግበኛል። 14 ዓመት ሰሌዳ ፊት የቆምኩት ለነዚያው ልጆች ነው። የደረሱበት መደምደሚያ ግን ዝም ብዬ የማልፈው ሆኖ አላገኘሁትም።

ጽሑፋቸው ባጭሩ እንዲህ ይላል። ተማሪው የሚኮርጀው ትምህርት ቤቱ ባዶ ስለሆነ ነው። ሁሉም ሲኮርጅ እሱ ብቻውን ሊቀር አይችልም። ተካፍሎ መብላትን ያስተማረው ባህላችን ነው። ደግሞም ገና ልጅ ነው። ትልልቆቹ በሐሰተኛ ዲግሪ ወንበር ይዘው ሳለ እሱን መውቀስ ነውር ነው። ስለዚህ ጥፋቱ የማኅበረሰቡ እንጂ የልጁ አይደለም፤ እንዲያውም ማኅበረሰቡ ልጁን ይቅርታ ይጠይቀው።

በየነጥቡ ልመልስ። የምስማማበትንም አልደብቅም።

ባዶውን ትምህርት ቤት ለማሳየት ጸሐፊው የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ውጤት ያነሳሉ። ፈተናው የተሰጠው ጥቅምት 2015 ላይ ነበር። ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ናቸው። በመቶኛ 3.3 ማለት ነው። ካስፈተኑት 2,959 ትምህርት ቤቶች ውስጥ 1,161ዱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ቁጥሩ ትክክል ነው። ሲሰማ ያስደነግጣል። ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው «ከእንዲህ ዓይነት ትምህርት ቤት የወጣ ልጅ ከመኮረጅ ሌላ ምን አማራጭ ነበረው?» ብለው ይጠይቃሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አልፏቸዋል። ይህ ቁጥር የወጣው ኩረጃው ሲዘጋ ነው። የዚያን ዓመት ተማሪዎች ከየቀያቸው ወጥተው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገቡ። ስልክ አልያዙም። የፈተኗቸውም የማያውቋቸው መምህራን ናቸው። ስለዚህ 3.3 የሚለው ቁጥር የሚነግረን ልጆቹ ምን እንዳላወቁ ነው። ባዶው ትምህርት ቤት ልጁ ለምን መልሱን እንዳላወቀ በደንብ ያስረዳል። ቤተ ሙከራ አይቶ የማያውቅ ልጅ ኬሚስትሪ ቢወድቅ ምን ይገርማል? የሌላውን መልስ ለምን የራሴ ነው ብሎ እንዳስረከበ ግን አያስረዳም። ሁለቱ ለየቅል ናቸው። አለማወቅ ጥፋት አይደለም። ያላወቀ ልጅ የሚያፍርበት ነገር አልሠራም።

ጎረቤቴ ያለ አንድ ልጅ ያን ዓመት ተፈትኖ ነበር። ማኅበራዊ ሳይንስ ነው። ከ600 ያመጣው 231 ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ በጥሩ ውጤት ያለፈ፣ ሰፈሩ ሁሉ ጎበዝ የሚለው ልጅ ነው። እናቱ ለሁለት ቀን ቡና አላፈሉም። ልጁ ክፍሉን ዘግቶ ተኛ። በሦስተኛው ቀን መጥቶ እንግሊዝኛ እንዳስጠናው ጠየቀኝ። ተቀመጥንና የዘጠነኛ ክፍል መጽሐፍ ከፈትን። አንዱን አንቀጽ ማንበብ አቃተው። የዘጠነኛ ክፍል እንግሊዝኛ ማንበብ ሳይችል 12ኛ ክፍል ደርሷል። እሱም እኔም ደነገጥን። «እስከ ዛሬ እንዴት ታልፍ ነበር?» አልኩት። አንገቱን ደፋ።

ይህን ያነሳሁት ልጁን ላሳጣው አይደለም። ያ ልጅ 12 ዓመት ሙሉ ማንበብ እንደማይችል ያልታወቀው ለምንድን ነው? ከአጠገቡ ካለው ልጅ እየገለበጠ ስላለፈ ነው። አስተማሪው አልፏል ብሎ መዘገበ። ርዕሰ መምህሩ ለወረዳ፣ ወረዳው ለዞን ሪፖርት አደረገ። ወረቀቱ ላይ ሁሉም ደህና ነው። ጸሐፊው ባዶው ትምህርት ቤት ኩረጃን ወለደ ይላሉ። እኔ ባየሁት ደግሞ ባዶውን ትምህርት ቤት ሸፍኖ ያኖረው ኩረጃው ነው። 1,161 ትምህርት ቤቶች ምንም እንዳላስተማሩ አገር የሰማው ልጆቹ በሐቅ ሲወድቁ ነው። ከዚያ በኋላም ውጤቱ መጀመሪያ በጥቂቱ ወርዶ ኋላ ዝግ ብሎ ነው ያደገው። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ። አሁንም ትንሽ ነው። ግን እነዚህን ቁጥሮች አምኖ መነጋገር ይቻላል።

እዚህ ላይ ጸሐፊው ያላነሱትን፣ ለሳቸው ግን የሚጠቅማቸውን ነጥብ እኔው ላንሳላቸው። የፈተናው ቦታ ሲቀየር ኩረጃው ወረደ። ልጆቹ ያው ልጆች ናቸው። በአንድ ክረምት ጠባያቸው አልተለወጠም። የተለወጠው ሁኔታው ነው። ታዲያ ይህ ጥፋቱ የሁኔታው መሆኑን አያሳይም?

ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። ግማሹን እቀበላለሁ። ሰው በሩ ክፍት ሲሆንና ሲዘጋ አንድ ዓይነት አይደለም። ልጆችን በሩ ክፍት በሆነበት ክፍል አስቀምጦ ስለ ጨዋነት መስበክ ከንቱ ነው። ግን ሁኔታ ራሱን አይቀይርም። ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ይሰጥ ብለው የወሰኑ ሰዎች አሉ። ሚኒስትሩ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋም አብረዋቸው የሠሩትም ለዚያ ውሳኔ ብዙ ተሰድበዋል። ከዚያ በፊት በሩን ክፍት የተዉትም ሰዎች ናቸው። ይህን የምለው ሰምቼ አይደለም። አንዱ እኔ ነበርኩ።

ልንገራችሁ። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ገና ባልቀረበት ዘመን፣ አንድ ዓመት ለመፈተን ወደ አንዲት ወረዳ ከተማ ተላክሁ። በደረስንበት ማታ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ለፈታኞቹ ሁሉ ጥብስ አዘዙልን። ጥሩ ሰው ናቸው። ጨዋታቸው ደስ ይላል። ከበላን በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጆቻችን ከሩቅ ገጠር በእግር እየመጡ ነው የሚማሩት፤ እባካችሁ አታስጨንቁብን» አሉን። «አታስጨንቁብን» ምን ማለት እንደሆነ እዚያ የተቀመጥን ሁላችን ገብቶናል። ምን ማለትዎ ነው ብሎ የጠየቀ የለም። አመስግነን ተነሳን።

በነጋታው ሒሳብ ነበር። ክፍሉ ውስጥ 40 የሚሆኑ ልጆች ተቀምጠዋል። ግማሽ ሰዓት ያህል እንዳለፈ ፊት ለፊት የተቀመጠ ቀጭን ልጅ ጆሮውን ነካ። ትንሽ ቆይቶ አፍንጫውን። ቀጥሎ አገጩን። ጆሮ ኤ ነው። አፍንጫ ቢ። አገጭ ሲ። እሱ በነካ ቁጥር ከኋላው ያሉት ልጆች እኩል ጎንበስ ብለው ያጠቁራሉ። ላጲስም ከወንበር ወንበር ይዞር ነበር። አንዴ እግሬ ሥር ወደቀና አነሳሁት። በአንድ ጎኑ በቀጭን ጽሕፈት ከ21 እስከ 35 ያለው መልስ ተጽፎበታል። በእጄ ይዤው ቆምኩ። ባለቤቱ ቀና ብሎ አየኝ። 16 ዓመት ቢሆነው ነው። ላጲሱን መልሼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ግቢው ውስጥ አንድ ረዥም ባሕር ዛፍ ነበር። ሰዓቱ እስኪያልቅ ያንን ባሕር ዛፍ አየሁ።

ጸሐፊው «ማኅበረሰቡ አስኮረጀው» ሲሉ ያ ክፍል ነው የሚመጣብኝ። እዚያ ክፍል ውስጥ ማኅበረሰብ የሚባል ሰው አልነበረም። ላጲሱን የመለስኩት እኔ ነኝ። ጥብሱን ያዘዙት እሳቸው ናቸው። ጆሮውን የነካው፣ የጻፈው፣ የገለበጠው እያንዳንዱ ልጅ ስም አለው። ሁላችንም «አይሆንም» ማለት እንችል ነበር። ለአንዳንዳችን ቀላል፣ ለአንዳንዳችን ከባድ ይሆን ነበር እንጂ ለማናችንም የማይቻል አልነበረም። «ማኅበረሰቡ» የሚለው ቃል ልጁን ነፃ ያወጣል መስሏቸዋል። በተግባር መጀመሪያ ነፃ የሚያወጣው እኔን ነው። ጥፋቱ የሁሉም ሲሆን እኔን ማንም አይጠይቀኝም። እኔ ደግሞ መጠየቅ ነበረብኝ።

ወደ ሁለተኛው ነጥባቸው ልለፍ። ሁሉም በሚኮርጅበት አገር ያልኮረጀ ይጎዳል ይላሉ። የጽሑፋቸው ጠንካራ ክፍል ይህ ነው። የዩኒቨርሲቲ ቦታ ውስን ነው። የሌሎቹ ውጤት በኩረጃ ሲያብጥ በሐቅ የሠራው ወደ ታች ይወርዳል። እውነት ነው። በዓይኔ አይቻለሁ። ከክፍሌ አንደኛ የሚወጣ ልጅ የሚፈልገውን ሳያገኝ፣ የቤት ሥራ እንኳ በቅጡ የማይሠራው የተሻለ ቦታ ተመድቦ ያውቃል።

ግን ከዚህ እውነት ጸሐፊው ያወጡት ድምዳሜ የተገላቢጦሽ ነው። «ስለዚህ መኮረጅ ግድ ነው» ይላሉ። እኔ ደግሞ «ስለዚህ ኩረጃ ተጎጂ አለው» እላለሁ። በጽሑፋቸው ውስጥ ስለዚያ ተጎጂ አንድም ዓረፍተ ነገር የለም። ኩረጃን ማንንም የማይነካ፣ በልጁና በመልስ ወረቀቱ መካከል ያለ ጉዳይ አድርገው ነው የጻፉት።

ተጎጂው ማን ነው? በ2008 ዓ.ም. የሆነውን አስታውሱ። የእንግሊዝኛው ፈተና ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ወጣ። የ12ኛ ክፍል ፈተና በሙሉ ተሰርዞ እንደገና ሌላ ተሰጠ። ከዚያ ወዲህም በየዓመቱ ፈተና በደረሰ ቁጥር «መልሱ በቴሌግራም ወጥቷል» የሚለውን ወሬ ለምደነው ነበር። መልስ በቴሌግራም እንዲደርስህ ምን ያስፈልግሃል? ጥሩ ስልክ፣ ኔትወርክ፣ የዳታ ብር፣ ቻናሉን የሚያውቅ ዘመድ። ይህ ሁሉ ያለው የትኛው ልጅ ነው? ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ የሚማረው ነው? ጸሐፊው ለድሃው ልጅ ጠበቃ ቆመው ነው የጻፉት። የኩረጃ ገበያ ሲደራ ግን መጀመሪያ የሚገፋው ያው ድሃ ልጅ ነው። ስልክ የለውም። አስቀድሞ ያወቀለት ዘመድ የለውም። ያለው ራሱ ያጠናው ብቻ ነው። ያንንም ዋጋ አሳጣንበት።

ደግሞ «ሁሉም» የሚለው ቃል ልክ አይደለም። በዚያ በነገርኳችሁ ክፍል ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ግድግዳው አጠገብ አንዲት ልጅ ነበረች። ነጠላዋን አጣጥፋ በመልስ ወረቀቷ ዙሪያ እንደ አጥር አቁማዋለች። ወደ ፊት አላየችም። ለኋለኛውም አላሳየችም። ከኋላዋ ያለው ልጅ ወንበሯን በእግሩ ይገፋል። አልዞረችም። እንደገና ገፋ። ወንበሯን ወደ ፊት ሳብ አድርጋ ሥራዋን ቀጠለች። ጫማዋ ኮንጎ ነበር። ከሀብታም ቤት አልመጣችም። የተማረችው በዚያው ባዶ ትምህርት ቤት ነው። ከነዚያው አስተማሪዎች፣ በነዚያው በተቀዳደዱ መጻሕፍት። ድህነቱ አንድ ነው። እጇ ግን ሌላ ነገር ሠራ።

ሁኔታ ብቻውን የሚወስን ቢሆን ኖሮ እሷ አትኖርም ነበር። አንድ ትሁን ሁለት ቁጥሩ ለውጥ የለውም። «ምን አማራጭ ነበራቸው?» ብለን በጻፍን ቁጥር አማራጩን በራሷ ላይ ዋጋ ከፍላ ያሳየችንን ልጅ እንሰርዛታለን።

ሦስተኛው ነጥባቸው ባህል ነው። ከአንድ ትሪ የምንበላ፣ ቡና ስናፈላ ጎረቤት የምንጠራ ሕዝቦች ነን፤ መልስ መስጠትም ከዚያው የመጣ ደግነት ነው ይላሉ። ይህን ሳነብ ትንሽ ተናደድኩ። ባህላችን የማይወቀስበት አይደለም። በዚህኛው ግን በሐሰት ተወቅሷል።

የቆሎ ተማሪን እንይ። በየደጁ ዞሮ የለመነውን ቁራሽ እንጀራ ከጓደኛው ጋር ይካፈላል። አንዱ ሲታመም ሌላው ለምኖለት ያበላዋል። ከዚህ በላይ ተካፍሎ መኖር የለም። የኔታ ፊት ሲቀርብ ግን ብቻውን ነው። ዳዊቱን ራሱ ይደግማል። ጓደኛው ሊደግምለት አይችልም። ቅኔ ቤት ሲገባማ ጉዳዩ ይብሳል። ቅኔ ለዕለቱ አዲስ ሆኖ መቅረብ አለበት። የሌላውን ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ትልቅ ነውር ነው። ቁርኣን የሚቀራው ልጅም እንዲሁ ነው። በእንጨት ሰሌዳው ላይ የጻፈውን ኡስታዙ ፊት ራሱ ያነበዋል። ዱላውን አልናፍቅም። ልጅን በአለንጋ ማስተማር ቢቀር ደስ ይለኛል። ግን እነዚያ ጉባኤዎች እንጀራንና ዕውቀትን ለይተው ያውቁ ነበር። እንጀራ ይካፈሉታል። ያወቁትንም ሌሊት እሳት ዳር ተቀምጠው ይቀጻጸሉታል፤ እርስ በርስ እየተጠያየቁ ያጠኑታል ማለት ነው። ማወቅህን የምታሳይበት ሰዓት ሲደርስ ግን ራስህ ትቆማለህ።

ደቦም ያው ነው። ደቦ የሚሠራው ሁሉም የየራሱን ጉልበት ይዞ ስለሚመጣ ነው። በየሰው ማሳ ቆሞ እየበላና እየጠጣ ማጭድ የማይነካ ሰው ተራው ሲደርስ ማን ይመጣለታል? አብሮ ማጥናት ደቦ ነው። ኩረጃ ግን ደቦ አይደለም። በትምህርት ቤቶች አንድ ለአምስት የሚባል የቡድን አደረጃጀት የነበረ ጊዜ ትዝ ይላችኋል። ጎበዙ ሌሎቹን ያስጠናል ተብሎ ነበር። እኔ በነበርኩበት ቦታ ቡድኖቹ ሲያጠኑ ያየሁት አልፎ አልፎ ነው። ፈተና ላይ ግን ቡድኑ ሳይጓደል ይገኛል። ጎበዙ ልጅ ይታለባል። እምቢ ካለ ስስታም ይባላል። ደግነት ቢሆን ኖሮ እምቢ ያለው ባልተሰደበ ነበር።

ልጅ ነው የሚለውን ነጥባቸውን ብዙም አልከራከርም። የ17 ዓመት ልጅ የ40 ዓመት ሰው አይደለም። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችንም ይህን ያውቃል። ከ9 ዓመት በታች ያለውን ልጅ አይጠይቅም። ከ9 እስከ 15 ያለውን በተለየ መንገድ ያያል። ከ15 እስከ 18 ያለውን ይጠይቃል፤ ቅጣቱን ግን ያቀልለታል። የልጅነትን ነገር ከዚህ የተሻለ ያስቀመጠ አላየሁም። ቀስ በቀስ የሚያድግ ኃላፊነት ነው። አንድ ቀን ድንገት ከሰማይ አይወርድም። ስለዚህ ሲኮርጅ የተገኘ ተማሪ ፈተናው ይሰረዝበት፤ በዓመቱ እንደገና ይፈተን። ስሙ በአደባባይ አይነሳ። ዕድሜ ልኩን አይባረር። ፈተናውን የሸጠው፣ መልስ የሠራለት መምህርና «አታስጨንቁብን» ያሉት ርዕሰ መምህር ግን ከሱ በብዙ እጥፍ ይጠየቁ። ጸሐፊው እዚህ ድረስ ቢመጡ ኖሮ ተስማምተን ሻይ እንጠጣ ነበር። እሳቸው ግን የልጁን ድርሻ ዜሮ አደረጉት። 17 ዓመት ሙሉ ምንም ድርሻ የለህም ብለን ያሳደግነው ልጅ 18 ሲሞላው ድርሻውን ከየት ያመጣዋል?

በስተመጨረሻ ስለ ትልልቆቹ። «ዓሣ ግማቱ ከአናቱ» ይላሉ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚል ተረት ያለው ሕዝብ ልጁን በምን አንደበቱ ይቆጣል ብለውም ይጠይቃሉ። በሐሰተኛ ዲግሪ ወንበር ስለያዙት የጻፉት አንቀጽ ከጽሑፉ ሁሉ የሚቆጣው ነው። ቁጣቸውን እጋራለሁ። ሐሰተኛ የትምህርት ማስረጃ ያለበት አገር ውስጥ ሌሊቱን ሲያጠና የሚያድር ልጅ ሞራሉ እንዴት እንደሚወድቅ አውቃለሁ።

ግን እስቲ የራሳቸውን መለኪያ ለባለሥልጣኑ እንስጠው። እሱም የተማረው በባዶ ትምህርት ቤት ነው። በዙሪያው ያለ ሁሉ ይበላል። ያልበላ ሞኝ ይባላል። ባህሉም ዘመድህን እርዳ ይለዋል። የተሾመ ሰው ቤት የሚያድር ሰው ያውቀዋል። ከገጠር ዘመድ ይመጣል። «አንተ ተሹመህ እኛ እንዲህ እንሁን?» ይባላል። ሠርግ አለ፣ ተዝካር አለ፣ ሥራ የሚፈልግ የአጎት ልጅ አለ። ጫናው እውነተኛ ነው። ልጁን ነፃ ያወጡት ምክንያቶች ሁሉ እሱም ጋ አሉ። እንግዲያው እሱም ተበዳይ ነው፤ ማኅበረሰቡ ነው ያበላሸው ብለን እንተወው?

ጸሐፊው አይተዉትም። ልክ ናቸው። የማይተዉት «እምቢ ማለት ይችል ነበር» ብለው ስለሚያምኑ ነው። ታዲያ ያ ሰው እምቢ ማለት የሚችልበት ዕድሜ የጀመረው መቼ ነው? በተሾመ ማግስት ነው? እኔ 14 ዓመት ሳስተምር አጤሬራ እጅጌው ውስጥ ይዞ የሚገባ ልጅ ብዙ አይቻለሁ። ከነሱ ብዙዎቹ ኋላ ላይ ሸጋ ሰዎች ሆነዋል። ኩረጃ የጀመረ ሁሉ ሌባ ይሆናል አልልም። ግን የተመለሱት አንድ ሰው ፊት ለፊት «ይህን የሠራኸው አንተ ነህ» ያላቸው ናቸው። አንዱ ተማሪዬ ዛሬ ነርስ ነው። የ11ኛ ክፍል ፈተናውን ቀድጄበት ነበር። ያን ቀን በጣም ጠላኝ። በቀደም ሰፈር ጤና ጣቢያ አገኘሁት። ለአንድ ሕፃን የሚሰጠውን መድኃኒት በኪሎ እያሰላ ነበር። ከጨረሰ በኋላ ደግሞ አሰላው። እኔን ያየኝ ከዚያ በኋላ ነው። ስለ ፈተናው አላነሳንም። ወንበር አምጥቶ አስቀመጠኝ።

የቀረው የይቅርታው ጉዳይ ነው። ጸሐፊው ማኅበረሰቡ የኮረጁትን ልጆች ይቅርታ ይጠይቅ ብለው ነው የሚጨርሱት። ባዶ ትምህርት ቤት ላስረከብናቸው ልጆች ይቅርታ እንደሚገባ አምናለሁ። ጎረቤቴ ያለው ልጅ ሳያነብ 12ኛ ክፍል መድረሱ የሱ ብቻ ጥፋት አይደለም። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ያስተማሩት እኔን የመሰሉ ሰዎች ናቸው። እሱን ቅዳሜ ቅዳሜ እያስጠናሁት ይቅርታዬን እከፍላለሁ።

እኔ ግን ከሁሉ በፊት ይቅርታ ያለብኝ ለሌላ ሰው ነው። ያን ቀን የሒሳቡ ፈተና አልቆ ልጆቹ ወጡ። ግቢው ውስጥ የውኃ ቧንቧ ነበር። ያቺ ነጠላዋን አጥር ያደረገችው ልጅ ፊቷን እየታጠበች ነው። አራት ወንዶች ከበቧት። «ስስታም!» አላት አንዱ። «ቋጣሪ! እናያለን የት እንደምትደርሺ!» አለ ሌላው። ከኋላዋ ተቀምጦ የነበረው ልጅ ነጠላዋን ጎተተው። ጭቃው ላይ ወደቀ። አልጮኸችም። ጎንበስ ብላ አነሳችውና ቧንቧው ሥር አድርጋ ታጥበው ጀመር።

እኔ ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ነበርኩ። ውኃ ልጠጣ ነበር የመጣሁት። ደረቴ ላይ «ፈታኝ» የሚል ባጅ ተለጥፏል። ቀና ብላ አየችኝ። ለልጆቹ አንድ ቃል ብናገር ይበተኑ ነበር። ለሷ አንድ ቃል ብናገር ምን ትሆን እንደነበር አላውቅም። እስክትጨርስ ጠበቅሁ፤ ከዚያ ጎንበስ ብዬ ጠጣሁና ወደ ፈታኞች ክፍል ተመለስኩ።